የፊት ቀኝ ዘንግ

«መዝገቡ ይምጣ! መዝገቡ ሳይነበብ ቅዱስ ዶናቶ ከዚህ ደጅ ንቅንቅ አይልም!» አለ ሥጋ ሻጩ ሴቲሚዮ፣ የቅዱሱን ምስል ከተሸከመው ወሳንሳ ፊት ሁለት እጁን ዘርግቶ።

ሙዚቀኞቹ መለከታቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ኦርቴንሲያ የአባቷን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ሽማግሌው ናዛሬኖ ኮንቲ አሁን ገና፣ በመላው የሮካስፓርሳ ሕዝብ ፊት፣ የወሳንሳውን የፊት ቀኝ ዘንግ ለእሷ ማስረከባቸውን ተናግረው መጨረሳቸው ነበር። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ወንድ ልጅም የላቸውም። ያ ዘንግ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ሰባት ዘንጎች ያገኘው ሁሉ አይሸከመውም። መንደሩን የቆረቆረው የመጀመሪያው ገዢ፣ ‹ኮንቴ› በሚባለው የባላባት ማዕረግ የሚጠራው የባስቲያኖ ዘር ብቻ ነው ትከሻውን የሚሰጠው። ኮንቲዎችስ ከዚህ ሌላ ምን ቀራቸው? የወይን መሬቱ ተሽጦ አልቋል፣ ጣሪያው ያፈሳል። በዓመት አንድ ቀን ግን መንደሩ ሁሉ ከኋላቸው ይሄዳል።

«ሴቲሚዮ ልጄ፣ ፀሐዩ ሳይከር እንሂድ እባክህ» አሉ ቄሱ ዶን ኤሊዜዮ።

«እኔ ምን አልኩ አባ? ሴት ትሸከም፣ ዘመኑ ነው! ግን በዘሬ ነው የምሸከመው ካለች ዘር በወሬ አይሆንም። አያቴ ‹የነዚህ ሰዎች ባላባትነት ጥላሸት ጥላሸት ይለኛል› ይል ነበር።»

«አያትህ ከጠጣ ምን የማይለው ነገር ነበር!» አለች አንዲት አሮጊት። ሕዝቡ ሳቀ። ሴቲሚዮ አልሳቀም፤ ከቦታውም አልተነሣም።

አሮጌው የጥምቀት መዝገብ በሁለት ሰው ተይዞ ወጣ። የጥንቱን ጽሕፈት አንብቦ የሚያወጣው በመንደሩ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም መዝገቦቹን የምትጠብቀው ራሷ ኦርቴንሲያ ናት።

«እሷው ታንብበው፤ ግድ የለኝም» አለ ሴቲሚዮ። «ግን ቅዱሱን እግሩን ይዛ!»

ያኔ ሳቁ ጠፋ። በሮካስፓርሳ ባል ሚስቱን ይዋሻል፣ ነጋዴው ገበያተኛውን ይዋሻል፤ የዶናቶን እግር ይዞ ግን ዋሸ የተባለ ሰው የለም። ኦርቴንሲያ መዳፏን ቀለሙ በተላላጠው የእንጨት እግር ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነበር። በሌላ እጇ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።

መስመሩን ለማግኘት መፈለግ አላስፈለጋትም። ባለፈው ክረምት ገጹን ስታጸዳ፣ ባስቲያኖ ከሚለው ስም አጠገብ የደረቀ ሰም አግኝታ በጥፍሯ ፈቅፍቃ አንሥታዋለች። ከሰሙ ሥር አራት ቃላት ነበሩ። መዝገቡን ዘግታ፣ ለሰው ትንፍሽ ሳትል እስከ ዛሬ ቆየች። አባባ ይህን ከሰሙ በቁማቸው ይሞታሉ ብላ።

መስመሩ ሙሉውን እንዲህ ይላል፦ ‹ኮንቴ እያሉ የሚቀልዱበት ከሰል አክሳይ ባስቲያኖ፣ ልጁን ዛሬ አስጠመቀ።›

«ኮንቴ...» ብላ ጀመረች። ሴቲሚዮ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ ገጹ ላይ ያፈጣል፤ ለእሱ ጽሕፈቱ የጉንዳን መንገድ ነው። ቀና ብላ አባቷን አየች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ ያዩዋታል። ወይኔ አባባ!

«ኮንቴ ባስቲያኖ፣ ልጁን ዛሬ አስጠመቀ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

«ዶናቶ ለዘላለም!» አለ ሕዝቡ። መለከቱ አስተጋባ። ሴቲሚዮ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰው ነኝ፣ ተሳሳትኩ» አለና ሄዶ ከኋለኞቹ ዘንጎች አንዱን ያዘ። ይህ ይቅርታው ከስድብ ይልቅ አቃጠላት።

አባቷ ዘንጉ እንዳይጎዳት የተጣጠፈውን ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ሊያስተካክሉላት ጠጋ አሉ። በጆሮዋ፣ ከእሷ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣

«አራት ቃል ዘለልሽ» አሏት።

«አባባ... ያውቁ ነበር?»

«ሰሙን ያንጠባጠብኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሊሞት ሲል አዘዘኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር።» ጣቶቻቸው ጨርቁን እየደባበሱ ነው። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ስንቁ ሲቀል አይቻለሁ። ውሸቱ ግን ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ እየከበደኝ ነው የሄደው። ‹ዘንድሮ አንድ ሰው ያነበዋል፣ ያወርደኛል› ስል ኖርኩ። ዛሬ ሴቲሚዮ እግሩን ሲያስይዝሽ፣ ገጹም ሲገለጥ ሰሙ መነሣቱን ሳይ፣ በቃ አረፍኩ አልኩ።»

ያ የከንፈር መንቀጥቀጥ ለካ ልመና አልነበረም። ልመናም ከነበረ፣ ሌላ ልመና ነበር።

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው!» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ። እኔም ለአባቴ ብዬ ነው።»

«አንሡ!» አሉ ዶን ኤሊዜዮ።

ሰባቱ ሰዎች ከየዘንጋቸው ሥር ዝቅ ብለው ገቡ። ኦርቴንሲያም ገባች። ቅዱሱ እየተንገጫገጨ ተነሣ፣ ክብደቱም ትከሻዋ ላይ ወረደ። ዘንጉ ላይ፣ የአባቷና የአያቷ ትከሻ እያሸ ያሰረጎደው ቦታ አለ። ለወንድ ትከሻ የተበጀ ስለሆነ ይጎረብጠኛል ብላ ስትፈራ ነበር፤ ልክክ አለላት።