ጳጉሜን ስድስት

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ የቦርዱ ሊቀመንበር። ጸዳለ አልተቀመጠችም። ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ምእመናኑ ሁሉ እያዩ፣ ጣቷን አሮጌው ደብዳቤ ላይ እንዳሳረፈች ቆመች። ደብዳቤው አስተዳደሩ በመሥራቾቹ እጅ እንዲቆይ፣ ምርጫም እንዳይደረግ ያዛል። ማኅተም አለበት፤ ያረፉት የደብሩ አለቃ ፊርማም አለበት። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ምርጫ የጠየቀ ሁሉ ይሄ ሲነበብለት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር።

«ማስተርሴን የምጽፈው ስለዚህ ዓይነት ነገር ነው» አለች። «ድሮ ጣልያን አገር፣ የሮማ ጳጳሳት ‹ሥልጣኑን ንጉሡ ሰጠን› የሚሉበትን ወረቀት አንድ ምሁር ቁጭ ብሎ አነበበው። ሐሰት ሆኖ አገኘው።»

«እዚህ ዩኒቨርሲቲ አይደለም።»

«አይደለም ጋሼ። ቀኑን ብቻ ያንብቡልን።»

ሊቀመንበሩ ፊታቸውን አዞሩ። እሷው አነበበችው፦ «ጳጉሜን 6 ቀን 1990።»

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ መሪጌታ አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያሳለፉ ዘመኑን መቁጠር ጀመሩ። ያን ደብዳቤ በየዓመቱ ለጉባኤው ሲያነቡ የኖሩት እሳቸው ነበሩ። ቆጥረው ጨረሱ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ።

«ዘመነ ማርቆስ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በሉቃስ ብቻ ነው። ይሄ ቀን አልዋለም።»

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ሳብ አደረጉት። የጸዳለ ጣት ግን አልተነሳም።

«ምርጫ ይደረግ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለች።

መሪጌታው የቆጠሩበትን እጅ አወጡ።