ከድስቱ ሥር የነበረው ምልክት

«እናቴ ነጋዴ ናት በይ… ከይፋግ ገዝታ ወረታ ላይ ትሸጣለች በይ… ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ።»

እማዋይሽ የልጇን ኮሌታ እያስተካከለች ይህን ስትናገር ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

ውዳሴ በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለለችውን ድስት ደረቷ ላይ አቅፋለች።

ዕለቱ ትምህርት ቤቱ «አፍሪካዊነቴ ኩራቴ» ብሎ ያዘጋጀው የወላጆች ቀን ነው። እያንዳንዱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የቤተሰቡን ሙያ የሚያሳይ ዕቃ ይዞ መድረክ ላይ ይናገራል።

እማዋይሽ ደግሞ ሙያዋን መደበቅ ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው…

ነገሩ እንዲህ ነው ወዳጆቼ…

እማዋይሽ ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች።

ይፋግ አጠገብ ባደገችበት መንደር ሰው ድስታቸውን ይገዛል… ቤታቸው ግን አይገባም። «በዓይናቸው ይበላሉ» ይባል ነበር። ትምህርት ቤት አጠገቧ የሚቀመጥ ልጅ ጠፍቶ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን ጥላ ቀረች።

ውዳሴ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል ማንም ወደማያውቃት ወረታ መጣች። «ልጄ ብቻዋን አትቀመጥም» ብላ…

ጓዳዋን ዘግታ ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥሬውን ሸክላ በጭድ ሸፍና መኪና ላይ ጭና ይፋግ ያለችው እህቷ ገላነሽ ዘንድ ትወስደዋለች። እዚያ ተቃጥሎ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ ከይፋግ ገዝታ ያመጣችው ይመስለዋል።

አንድ ነገር ግን ትታለች…

የመንደሯ ሴቶች ሸክላቸውን አንድ ላይ ስለሚያቃጥሉ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ከድስቱ ሥር በጥፍራቸው ምልክት ያደርጋሉ። የራስን ከሰው የሚለዩት በዚያ ነው። የእናቷ ምልክት አንድ ጥፍር ነበር… የእማዋይሽ ሁለት።

ወረታ ከገባች ወዲህ አንድም ቀን ምልክት አድርጋ አታውቅም። ምልክት በባለቤቱ ላይ ያሳብቃላ…

ባለፈው ክረምት ውዳሴ «ሩዝ በማረም ላግዛት» ብላ አክስቷ ዘንድ ሁለት ወር ከርማ ነበር። ስትመለስ ጥፍሯ ውስጥ ጭቃ ነበረ… የፎገራ የሩዝ ማሳ ጭቃ ማንን ይምራል ብላ እናት ነገሬም አላለችው።

አዳራሹ ሞላ።

እማዋይሽ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከፊቷ ደንበኛዋ ወይዘሮ ሰገን አለች። የወይዘሮ ሰገን ልጅ ፍሬህይወት ከውዳሴ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የምትቀመጠው።

አንዱ የአባቱን ሚዛን አሳየ… አንዷ የእናቷን የልብስ ስፌት መቀስ… ጭብጨባው ቀለጠ።

«ውዳሴ» ብሎ ጠራ መምህር ዘመነ።

ልጅቷ ወጣች። «እናቴ…» አለችና ድስቱን ከከረጢቱ አወጣችው።

እማዋይሽ ትንፋሿን ያዘች… ነጋዴ በይ… ነጋዴ በይ ልጄ…

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አያቴም ነበረች።»

አሁን ያጨበጨበ የለም።

ወይዘሮ ሰገን ዞር ብላ እማዋይሽን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ከይፋግ ገዝቼ ነው የማመጣው አላልሽም እንዴ?»

እማዋይሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ተነሳች። ልጇ ብቻዋን ዴስክ ላይ ስትቀመጥ ከወዲሁ ታያት… የሸሸችው ነገር እዚህ ድረስ ተከትሎ መጣባት።

መምህር ዘመነ ወደ ድስቱ እየጠቆመ «ታዲያ ይህንን ድስት እናትሽ ናት የሠራችው?» አለ።

«አይደለችም።»

ውዳሴ ድስቱን ገለበጠችው…

«የአያቴ ምልክት አንድ ጥፍር ነው። የእናቴ ሁለት። ይኼ ሦስት ነው… የኔ ነው። ክረምት አክስቴ አስተምራኝ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

እማዋይሽ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች።

«እናቴ የደበቀችው ስለኔ ብላ ነው፣ ብቻዬን እንዳልቀመጥ» አለች ውዳሴ። «እናቴን ክጄ ከሰው ጋር ከምቀመጥ ግን… ብቻዬን ብቀመጥ ይሻለኛል።»

ከዚያ ወደ በሩ አየች።

«እማ… ድስቱ ከባድ ነው፤ ነይ ያዢልኝ።»

ከበሩ እስከ መድረኩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ለእማዋይሽ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ያልሄደችው መንገድ ነው… ሄደችው።

ድስቱን ተቀብላ ሥሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው… አንድ… ሁለት… ሦስት። ዕንባዋ መጣ። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንደ ባለሙያ፣ የድስቱን ከንፈር ዞር ዞር አድርጋ አየችው።

«ከንፈሩ ትንሽ ጠመም ብሏል» አለች። «ቤት ስንገባ አሳይሻለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ… ወይዘሮ ሰገን ከዚያ ወዲህ ድስት ልትገዛ አልመጣችም።

ልጇ ፍሬህይወት ግን ሰኞ ጠዋት ደብተሯን ይዛ መጥታ እዚያው ዴስክ ላይ፣ ውዳሴ አጠገብ ተቀመጠች።

የዚያን ቅዳሜ ወደ ገላነሽ የተጫነው ሸክላ ሥሩ ላይ ሁለት ሁለት ጥፍር ነበረበት… አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሦስት።

ስታነቡ በእናቷ የምታፍር ልጅ ጠብቃችሁ ነበር አይደል? ያፈረችው እናት ነበረች… ያስተማረችው ደግሞ ልጅቷ።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

«አፍሪካዊነትህ ኩራትህ ነው» ብለን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ቤት ስንገባ ደግሞ «የአያትህን ሙያ ለሰው እንዳታወራ» እንላለን። ልጅ የሚያምነው ግድግዳውን አይደለም… እኛ የምንደብቀውን ነው። በማንነቱ የሚኮራ ልጅ የምንፈልግ ከሆነ፣ መጀመሪያ እኛ የጓዳችንን በር እንክፈት።

እናንተስ… ልጆቻችሁን «ይህን ለሰው እንዳትናገሩ» ያላችኋቸው የቤታችሁ ቅርስ ምንድን ነው? እስቲ ዛሬ እዚህ ኮመንት ላይ በስሙ ጥሩት…