የጅማቱ ማረፊያ

አምቦ ላይ በተደረገው የባህል ስፖርት ውድድር ዋንጫውን የምትለየው የመጨረሻዋ ፍላጻ ብቻ ስትቀር፣ ወርቅቱ ሜዳው ዳር ተቀምጣ የቀስት ጫፍ ትፍቅ ነበር። ቀስቱን የሚወጥረው ጅማት የሚያርፍበት ጎድጓዳ ሻካራ ሆኖ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጅማት በልቷል። በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ስባሪ ፋቅ ፋቅ አደረገችውና ከነጠላዋ ክር መዝዛ አሳለፈችበት፤ ክሩ ተያዘ። ደገመችው።

"ዳኛው እየጠራ ነው፤ ለሙሽራ ነው እንዴ የምታሳምሪው?" አላት፣ ቀስት ይዞ ባያውቅም አሰልጣኝ የሆነባት ባሏ ቶሌራ።

ክሩ ሽው ብሎ ሲያልፍ ተነሳችና ቀስቱን ከሸነን ለመጣችው ተፎካካሪዋ መለሰችላት። ቶሌራ የማን ቀስት እንደሆነ ያኔ ገባው። "አንቺ ሴትዮ፣ ዋንጫውን ከነክዳኑ አስረከብሻት እኮ።"

"ጅማቷ ተበጥሶ ባሸንፋት ሸነን ገብታ ስታወራው ልትኖር ነው" አለችና የራሷን ቀስት አነሳች። "አሁን የምታመካኝበት የላትም።"