አስር ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋው ትራክተር

መካኒኩ ካርቡራተሩን አድሶ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ገጥሞታል። አሮጌው ትራክተር ግን ይነሳል፣ አስር ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ይጠፋል። ጣቶቹ በቤንዚን ደንዝዘዋል፤ ልቡም እንደዚያው።

«ነገ እርሻ እገባበታለሁ፤ ዛሬውኑ ጨርስልኝ» አለው የትራክተሩ ባለቤት ደረበ። አምና ታላቅ ወንድሙ ተዳፋት ላይ ከዚሁ ትራክተር ጋር ተገልብጦ ሞቷል። እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ከል እንደ ለበሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው፣ ክር በሰም እያሹ ለሟቹ ሙት ዓመት ጧፍ ይሠራሉ።

ደረበ ውሃ ሊያመጣለት ወደ ቤት ሲገባ፣ መካኒኩ የቤንዚን ታንኩን ክዳን ፈታ። ታንኩ እንደ ታፈነ ሰው አየር ሳበ። ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ቀዳዳ በሰም ተደፍናለች። አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም። ሰሙ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል።

ቀና ሲል ሴትየዋ እያዩት ነው። እጃቸው ግን ክሩን ማሸቱን አላቆመም።

«ተገኘ?» አለ ደረበ ውሃውን ይዞ ሲመለስ።

መካኒኩ ሰሙን በራሱ አውራ ጣት ጠበቅ አድርጎ ክዳኑን ገጠመ።

«ካርቡራተሩ አልቆለታል» አለ። «ዘንድሮ በበሬ እረስ።»