ጉንጭ መሙላት

«ጉንጫቸውን ሙላልኝ» አለኝ ጓድ ገነነ፣ አምስት የፎቶ ኔጋቲቮች በወረቀት እንደተጠቀለሉ ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠ። እሱ በሚያዘጋጀው የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ኤግዚቢሽን ላይ የሚሰቀሉ ናቸው። «የወረዳው ሕዝብ የኑሮ ገጽታ» የሚል በታይፕ የተመታ ርእስ አብሯቸው አለ፤ ከሥሩም የወረዳው ስም። የተወለድኩበት ወረዳ ነው። ለዐሥር ሰዓት እንደማደርስለት ብቻ ነግሬው ሄደ።

ፒያሳ ጋሽ እምሩ ፎቶ ቤት ውስጥ ሥራዬ ሪታች ነው። ኔጋቲቩን ብርሃን ላይ አቁሜ፣ እንደ መርፌ በተቀረጸ እርሳስ የሰው ፊት አስተካክላለሁ። የሙሽራ ብጉር አጠፋለሁ፣ የባለሥልጣን መጨማደድ አቃናለሁ። የሰፈር ልጆች «ሐድጉ እጅ ገብቶ አስቀያሚ ሆኖ የወጣ የለም» እያሉ ያሾፉብኛል። ኔጋቲቭ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው፤ የጎደጎደ ጉንጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍት ሆኖ ይታያል፣ እርሳስ ሲነካው ፎቶው ላይ ሞልቶ ይወጣል። ሥራው ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ከአገር ደብዳቤ ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቷል፣ የሚመጣም ሰው የለም። እናትና አባቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ያለችኝ ታናሽ እህቴ ዘውዲ ብቻ ናት፣ ዘንድሮ ሃያ አራት ዓመት ይሞላታል። ስለዚህ እርሳስ ከማንሣቴ በፊት አምስቱንም በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ፈተሽኩ። እህል የሚጠብቀውን ሰልፍ አየሁ፣ ድንኳን ሥር የተጋደሙትን አየሁ፣ ከሁሉም ፊት ቆማ ካሜራውን ቀጥ ብላ የምታይ አንዲት አሮጊት አየሁ። ዘውዲ የለችም። እፎይ አልኩ። ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ፤ እነዚህ የሌላ ሰው እህቶች ናቸው ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ።

በደንብ ነው የሠራሁት። አሮጊቷን መጨረሻ ላይ ያዝኳት። ከዐይኗ ሥር ጀመርኩ፣ ወደ ጉንጯ ወረድኩ፣ የአንገቷን ጅማት አለሰለስኩ። ከሌሎቹ ሁሉ እሷ ብዙ እርሳስ በላች።

ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብቼ ወረቀቱን የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ውስጥ ነከርኩት። በቀዩ መብራት መጀመሪያ ጠጉሯ መጣ፣ ቀጥሎ ዐይኖቿ፣ በመጨረሻ እኔ የሞላሁት ጉንጭ።

ዘውዲ ናት።

ከአገሬ ስወጣ አውቶቡስ ድረስ ልትሸኘኝ መጥታ፣ በመስኮት በሶ ያቀበለችኝ ዘውዲ። ተርባ አላወቅኋትም። ያወቅኋት ጠግባ ስትወጣ ነው፤ ያጠገባት ደግሞ የእኔ እርሳስ ነው። ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ሳላወጣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ጋሽ እምሩ በሩን አንኳኩተው ደኅና መሆኔን ቢጠይቁኝ፣ መድኃኒቱ ዐይኔ ገብቶ ነው አልኳቸው።

ጓድ ገነነ በዐሥር ሰዓት መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ፎቶዎቹን ባንኮኒው ላይ ደርድሮ እጄን አመሰገነ፣ የዘውዲን አንሥቶ ይቺን በቁመቷ ልክ አሳትመን መግቢያው ላይ እናቆማታለን አለ። ድምፄን አስተካክዬ፣ ሰዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አያውቅም። ፎቶው የተነሣው በግንቦት ነው፣ እሱ ራሱ አብሮ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ድንኳኖቹ ውስጥ ተስቦ ገባ ሲባል ሰምቷል፣ ተመልሶ ግን አልሄደም። ወደ ነሐሴው ዝናብ ትንሽ አየና አንድ ነገር ትዝ ብሎት ፈገግ አለ።

«ሌሎቹ ፊታቸውን ሲሸፍኑ ይቺ ራሷ ናት መጥታ ከፊት የቆመችው። አስተርጓሚው ነው የነገረን። ወንድሜ አዲስ አበባ ፎቶ ቤት ይሠራል፣ ፎቶ ሁሉ እሱ እጅ ይገባል፣ ሲያየኝ መጥቶ ይወስደኛል አለች። ሳቅንባት።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ብዙም አልቆየም። «ያንተው የሙያ ጓደኛ ይሆናል። ታውቀዋለህ?»

ጋሽ እምሩ ከባንኮኒው ጀርባ አንገታቸውን ደፉ። የየት አገር ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ። በዚያ ዓመት ከዚያ ወረዳ ነኝ ማለት ከወንበዴ ጋር ምን አለህ የሚያስብል ነበር፤ በላይኛው መንገድ ወርቅ ይሠራ የነበረው የአገሬ ልጅ መድኃኔ በዚሁ ተወስዶ እስከዛሬ አልተመለሰም። አንድ ቃል ብናገር ምናልባት አንድ ሰው ይላክ ነበር፣ ምናልባት ትገኝ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቀውም» አልኩ።

ጓድ ገነነ ፎቶዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ፤ ኔጋቲቩን ለትልቁ ኅትመት ለነገ ተወልኝ። ጋሽ እምሩ ቀስ ብለው መጡና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ፤ ማን እንደሆነች አልጠየቁኝም። «በል ልጄ፣ ዛሬ ይብቃህ፤ ቤትህ ግባ» አሉኝ። ጥቂት ልቆይ ብዬ ለመንኳቸው።

ነገ መልሼ እሞላዋለሁ፣ ሌላ የማደርገው የለኝም አልኩ ለራሴ። ያን ዕለት ግን ጥጥ በቀለም ማስለቀቂያ አኳራጅ ነክሬ እርሳሱን ከዐይኗ ሥር፣ ከጉንጯ፣ ከአንገቷ ላይ ጠረግሁት። ከዚያ ወንድሜ ያየኛል ብላ ካሜራው ፊት ያቆመችውን ያንን የማላውቀውን ፊት፣ ብርሃኑ እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ አየሁት።