እግር በእግር ላይ

«ቆመሽ ነው የምትቆርጪው ወይስ እሽሩሩ እያልሽ?» ይላሉ እትዬ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት።

ቆራጯ መቀሱን ከጨርቁ ታነሳለች። እውነትም ትወዛወዛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅ ታቅፎ የኖረ ወገብ፣ ልጁ ቤት ቀርቶም ሥራውን አልተወም፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ቆራጭ ከተወዛወዘ ደግሞ ካፖርቱም እየተወዛወዘ ነው የሚወጣው።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ደንበኛ ራሱ ያመጣው ጥቁር ሱፍ ነው፤ ለአንድ ካፖርት ብቻ የሚበቃ፣ ቢበላሽ ምትክ የሌለው። እትዬ ጠዋት ቁርጡን ነግረዋታል። ቀጥ አድርጋ ከቆረጠች የድሮ ጠረጴዛዋ ይመለስላታል፤ ካበላሸች እጇን አጣጥፋ ወደ ቤቷ። ሲያስጠሯትም ለባሏ «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ነው» ብላው ነበር። ደስ አላላትም፤ አልከፋትምም።

ጠዋትም እንዲሁ ነበር። ልጁን ለእናቷ ሰጥታ ስትወጣ እሱም አላለቀሰ፣ እሷም አላለቀሰች። እናቷ ትኩር ብለው ያዩት እሷን ነው። «ምነው ልጄ፣ ትንሽ እንኳ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» አሏት። የሚወጣ ነገር ፈልጋ አጣች። ከወለደች ወዲህ እንዲህ ናት፤ ልጅ ተንተርሶት ያደረ ክንድ ይመስል ሁለመናዋ ደንዝዟል። ክንዱ የራስ እንደሆነ ይታወቃል፣ ቢቆነጥጡት ግን የሌላ ሰው ነው።

መቀሱን እንደገና ታስገባለች። ወገቧ እንደገና ይጀምራል። የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ፤ ሴቶቹ ክር የሚያስገቡ መስለው ያይዋታል።

አጠገቧ የቆመችው ሚጢጢ ናት፣ እሷ ከቀረች ወዲህ በዚህ ጠረጴዛ የምትቆርጠው። ቅጽል ስሙንም ያወጣችላት፣ ሙያውንም ያስተማረቻት እሷው ናት። ያኔ ሚጢጢ መቀስ በያዘች ቁጥር ጉልበቷን ታርገበግብ ነበር። ምክሩም ቁጣውም አልሠራ ሲል፣ አስተማሪዋ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ጭና ትረግጣትና «በይ አሁን ቁረጪ» ትላት ነበር።

የሆነ ነገር እግሯን ይጫነዋል። ቀና አትልም። ሚጢጢ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ ከጠረጴዛው ሥር ጠበቅ አድርጋ ረግጣታለች፤ ይህ ጠረጴዛ የራሷ መተዳደሪያ መሆኑን የረሳች ይመስል።

ወገቧ ዝም ይላል።

መቀሱ ሱፉን እየነከሰ ይሄዳል፤ ትከሻውን፣ ብብቱን፣ ጎኑን። የጠመኔውን መስመር አንዴም አይስትም።

እትዬ የተቆረጠውን ወደ መስኮቱ ይዘው አገላብጠው ያዩታል። «እጅሽስ አልረሳም» ይላሉ። «ከነገ ጀምሮ እዚሁ ነሽ። ሚጢጢ ወደ ቁልፍ ተካዮቹ ትሂድ።»

«ምን አጠፋሁ እትዬ?» ትላለች ሚጢጢ።

«ምንም። ሽርጥሽን ከፍ አድርገሽ ስለታጠቅሽ ሆድሽን የማላይ መሰለሽ? እኔም ወልጃለሁ እኮ! ከእንግዲህ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ይሻልሻል። ላንቺው ብዬ ነው።»

ላንቺው ብዬ ነው። ያኔ፣ የእሷ ሆድ መታየት ሲጀምር፣ ለእሷም ቃል በቃል ይህንኑ ነበር ያሏት። ቁልፍ እየተከለች ቁጭ አለች፤ ወለደች፤ ከዚያ ቤቷ ቁጭ አለች። ለካ አሁን የተጠራችው ሚጢጢን ለመተካት ኖሯል።

እትዬ ወደ ጓዳቸው ይገባሉ። መኪኖቹ መንጫጫት ይጀምራሉ። ሚጢጢ ጣቷን እንዳይልጣት መቀሱ ቀለበት ላይ የጠቀለለቻትን ቁራጭ ጨርቅ ፈትታ ኪሷ ትከታለች፤ መቀሱን ታቀብላታለች።

«እንኳን ደህና መጣሽ እታለም» ትላለች። ከአንጀቷ ነው የምትለው።

ልትሄድ ዞር ስትል ጫማዋ አልነቃነቅ ይላታል። የድሮዋ ቆራጭ እግሯን ጭናባታለች።

«ምን ሆነሻል? ልቀቂኝ፣ እትዬ ይመጣሉ።»

«ይምጡ።»

ቢመጡ ምን እንደምትላቸው አታውቅም። ጠበቅ አድርጋ ትረግጣለች። ልጅ ራሱን ሲያነሳለት ክንድ እንደሚሆነው፣ ከእግሯ ጣቶች ጀምሮ የሆነ ነገር ወደ ላይ ይነዝራታል። ያማል። እግሯን አታነሳም።