ፊት የሚያህል ቀዳዳ

ሐጅ ባቢከር በሱዳኗ ከተማ በከሰላ ገበያ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ የገመድ አልጋ ሲጠፍር አንድም ቀን ቀዳዳ ትቶ አያውቅም። የሚስቱ የቡታይና ዓይን ለሦስተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የሕክምና ዘይት ሲሞላና ሐኪሙ፣ «የስኳር በሽታዋ የላጠው የዓይኗ የውስጥ ሽፋን እንዲጣበቅ ዐሥር ቀን በፊቷ ተደፍታ ትተኛ» ሲል ግን፣ ቤቱ ገብቶ የገዛ አልጋቸውን ገመድ በቢላ ቆረጠና ፊቷን የሚያህል ቀዳዳ አወጣለት።

በዐሥረኛው ቀን ረፋድ ላይ ፋሻዋ ተፈታ። እሱም እንደ ሰሞኑ ሻይ በስትሮ ሊያጠጣት ከአልጋው ሥር በጀርባው ተንጋለለ። ቡታይና አልጠጣችም። በቀዳዳው ቁልቁል ትኩር ብላ ቀረች።

«ምነው ሐጃ፣ ስኳር የለውም ብለሽ አኮረፍሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጺምህን ሂና እንዲህ የለቀለቀህ ማነው?»

ድሮ የምትቀባው እሷ ነበረች፤ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ግን ራሱ ነበር የሚቀባው። ብርጭቆው ከእጁ አመለጠና ሻዩ ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«እኔው ነኝ» አለ፣ ደረቱን በእጅጌው እየጠረገ። «ከእንግዲህ አንቺ ትቀቢኛለሽ። ይህን ቀዳዳም ዛሬውኑ እደፍነዋለሁ።»

«ተወው፣ አትድፈነው። ዘይቱን ለማውጣት ገና አራተኛ ቀዶ አለ ብለውን የለ?» እጇን በቀዳዳው ሰደደችና ጺሙን ጨበጥ አደረገችው። «ደግሞ ከዚህ ላይ ሆኜ ሳይህ ሸጋ ነህ።»